በጓሮው ሽቦ ላይ ስለሚሰጡት አንሶላዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

«ለሕንፃው ተከራዮች በሙሉ። የሕንፃውን ገጽታና ደረጃ ለመጠበቅ ሲባል፣ ከኅዳር 1 ቀን ጀምሮ በጓሮው፣ በበረንዳም ሆነ በመስኮት ላይ ማንኛውንም ዓይነት ልብስ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የመሳሰለውን ማስጣት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን። በጓሮው የተዘረጉት ሽቦዎች በተጠቀሰው ቀን ይነሳሉ። ይህን መመሪያ ተላልፎ የተገኘ ተከራይ ውሉ ተቋርጦ ቤቱን እንዲለቅ ይደረጋል። ባለንብረቱ።»

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከላይ ያለውን አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳላስቀር የገለበጥኩልህ፣ በስምህ የወጣውን ነገር አንተ ራስህ አላነበብከው ይሆናል ብዬ ነው። ወረቀቱ ያለፈው ሳምንት ሰኞ በየበሩ ተለጥፏል። «ባለንብረቱ» የተባለው አንተ ነህ።

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ ማብቀሏን በፎቶ አይተን ደስ ብሎናል፤ እማዬ ደጋግማ ስታያት የስልኬን ባትሪ ጨርሳዋለች። እኔም ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ነው፤ ከየሰፈሩ በጠርሙስ የሚመጣ ውኃ እየተቀበልኩ ይጠጣል አይጠጣም እላለሁ። ሰላምታዬ ከልቤ ነው። ንዴቴም ከልቤ ነው። ሁለቱን ሳታቀላቅል አንብብልኝ።

የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ስለማልችል ነው። ቤታችን ጠባብ ነው፤ እኔ ሳሎን ሆኜ የማንሾካሹከውን እማዬ መኝታ ቤት ሆና ትሰማለች፤ ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው። ከቢሮ ልደውል ብል ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ስናደድ ቃላት ይጋጩብኛል፣ አንተም «ጋሼ ተረጋጋ» ትለኛለህ፣ ያኔ ጭራሽ ይብስብኛል። ስለዚህ ቢሮ ተቀምጬ በእጄ ጽፌ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። ፎቶ እንደምታምን ሰሞኑን ተረድቻለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ። እማዬ ስለ ጤናዋ ትንፍሽ እንዳልልህ አስምላኛለች፤ ያውም በአባታችን አጥንት። እኔ ደግሞ የማልኩትን አላፈርስም፤ በዚህ ባሕርዬ ስትስቅብኝ ነው የኖርከው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ስለ ጤና አይደለም። ስለ አንሶላ ነው። ስለ አንሶላ እንዳልጽፍ ያስማለኝ የለም።

በውሉ ልጀምር። ይህን ሕንፃ ስትገዛ፣ አንተና እማዬ ሁለተኛ ፎቅ ግቡ፣ ኪራይ የሚባል ነገር የለም ስትለኝ እምቢ አልኩህ። እንደማንኛውም ተከራይ ካልፈረምኩና ካልከፈልኩ አልገባም አልኩ። ተቀየምከኝ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ውል ይፈራረማል ወይ አልክ። እኔም ወንድማማች የሚጣላው ባልተጻፈ ነገር ነው ብዬ መለስኩልህ። እነሆ ውሉ ከፊቴ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «ተከራዩ የሕንፃውን ጓሮ ከሌሎች ተከራዮች ጋር በጋራ ለዕለት ተዕለት ኑሮው የመገልገል መብት አለው።» ልብስ አጥቦ ማስጣት የዕለት ተዕለት ኑሮ ካልሆነ ምኑ ሊሆን ነው? ሽቦዎቹም ውሉ ሲፈረም እዚያው ነበሩ። እኔ የተከራየሁት ያየሁትን ቤት ነው፤ ሽቦው እንደ ደረጃውና እንደ ቧንቧው የቤቱ አካል ነው። ውልን ሁለት ሰዎች ተስማምተው ያስሩታል፤ አንዱ ብቻውን በር ላይ በለጠፈው ወረቀት አይፈታውም። ይህ ለእኔ ብቻ አይደለም። ምድር ቤት ላለችው ልብስ ሰፊ፣ ከፊት ለፊቷ ላለው ጡረተኛ ሾፌር፣ ሦስተኛ ፎቅ መንታ ለሚያሳድጉት ባልና ሚስት ያው አንቀጽ ሰባት ተጽፎላቸዋል። ዳኛ ፊት ብንቆም ትሸነፋለህ።

ሕጉ ይህን ያህል ነው። ሕጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ገጽ ይበቃኝ ነበር።

በቤታችን አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በየቀኑ አጥባለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጠዋትም ማታም። ንጋት ላይ ተነስቼ ሳፋውን መታጠቢያ ቤት አስቀምጣለሁ፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቀጥሎ በሙቅና በሳሙና፣ ከዚያ ጥቂት በረኪና ጠብ አድርጌ፣ ውኃው እስኪጠራ አለቀልቃለሁ። በረኪና የማበዛ እንዳይመስልህ፤ ልኩን አውቀዋለሁ። ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል፣ የእሷ ቆዳ ደግሞ... ይህ ወደ ጤና ይሄዳል፣ ትቼዋለሁ። ከዚያ ጓሮ ወርጄ አሰጣለሁ። ሠራተኛ ቅጠር እንዳትለኝ። ቀጥሬ ነበር፤ እማዬ ሴትየዋን አመስግናና መርቃ ከበር መለሰቻት። የእሷን አንሶላ የባዕድ እጅ እንዲነካው አትፈልግም። የእኔንም እጅ የፈቀደችው ጨንቋት ነው፤ የመጀመሪያ ሰሞን አንሶላውን ስቀይር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። በልጅነታችን የእኛን ስንቱን እንዳጠበች ባስታውሳት፣ «እናንተማ ልጆች ነበራችሁ» አለችኝ።

እስካሁን ያነበብከው ምን እንደሆነ ገብቶህ ይሆናል። ካልገባህ ቀስ ብለህ ድገመው።

የመኝታ ቤቷ መስኮት ወደ ጓሮው ነው የሚያየው። አልጋዋን ወደዚያ ያስጠጋሁት ብርሃን እንድታገኝና የሰው ድምፅ እንድትሰማ ነበር። እዚያው ሆና ሽቦውን፣ ከሽቦው ሥር የሚያልፈውንም ሰው ታያለች። አንድ ቀን ጠዋት ሳሰጣ ጡረተኛው ሾፌር ጥርሱን እየፋቀ ወጣ። እኛ ፍሬን የለሽ ነው የምንለው፤ መኪና ሲነዳ አንድ ቀን አልተጋጨም፣ ወሬ ከጀመረ ግን ማቆሚያ የለውም።

«ኬሚስቱ፣» አለኝ፣ «ይህን ሁሉ አንሶላ በየቀኑ የምታጥበው፣ እኛ ሳንሰማ ሆቴል ከፈትክ እንዴ?»

ለክፋት አልነበረም። ወዲያው ግን ወደ መስኮታችን ቀና አለ፤ አብሬው ቀና አልኩ። እማዬ ነቅታ ነበር። ቀጭን እጇ መጋረጃውን ሲስብ ሁለታችንም አየነው። ፍሬን የለሽ ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን ፍሬን ያን ጊዜ ያዘ፤ አንድ ቃል ሳይጨምር ቤቱ ገባ።

ማታ ስመለስ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። አገር ሁሉ አንሶላዬን ሲቆጥር ከሚውል ምነው በሞትኩ አለችኝ። ገመናዋን ሽቦ ላይ ያሰጣሁባት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ ለሁለት ቀን ያህል አላናገረችኝም።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ደጃፏ ላይ አውጥታ ስለምትሰፋ የጓሮው ነገር አንድም አያመልጣትም። ፍሬን የለሽን ጠርታ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት ጓሮው ይሞላ ጀመር። ሳፋዬን ይዤ ስወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ በነጭ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ አንሶላዎች፣ የመንታዎቹ እናት የአልጋ ልብስና የልጆቹ ጨርቆች፣ ፍሬን የለሽ ደግሞ ያለችው አንሶላ አንዲት ብቻ ስለሆነች የድሮ የጭነት መኪናውን ግራጫ ሸራ ከመንገዱ በኩል እንደ አጥር ሰቅሎታል። ደሜ ፈላ። ሽቦውን በተራ በተራ እንጠቀም ብዬ ስንት ጊዜ ያሳሰብኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም አንድ ቀን ማጠብ ምን የሚሉት ነው? ቦታ ላስፋ ብዬ የልብስ ሰፊዋን አንሶላ ያዝ አደረግኩት። ደረቅ ነው። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ደረቅ። ቀጥሎ ያለውን ነካሁ፣ እሱም ደረቅ፤ ከቁም ሳጥን ወጥቶ የእጥፋቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። የአልጋ ልብሱም እንደዚያው። አንዱም ውኃ አልነካውም። መሃል ላይ ግን፣ ከሁሉም መሃል፣ ለእኔ የሚበቃ ባዶ ሽቦ ትተው ነበር።

ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኳት። ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ ብል እንዳይበላው ፀሐይ እያስመታሁት ነው አለችኝ። በየቀኑ ወይ አልኳት። «የእኔ ቤት ብል እልኸኛ ነው» አለችኝና መኪናዋን ማሽከርከር ጀመረች። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅኩም። እኔም የእኔን መሃል ላይ አሰጣሁ።

እማዬ መጋረጃዋን የከፈተችው በሦስተኛው ቀን ነው። ጓሮው ሁሉ አንሶላ ነው፤ የትኛው የእሷ እንደሆነ ከላይ ሆና እሷም አታውቀውም። ብዙ ሰዓት ስታይ ቆየችና፣ ይህ ሰፈር ምን ነክቶት ነው እንዲህ ንጹሕ የሆነው አለችኝ፤ ሳቀችም። ወንድሜ፣ ሳቀች ነው የምልህ።

እንግዲህ ያ ጓሮ ነው አንተ በፎቶ ያየኸው። ወኪልህ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ሲጠራ እንኳ ከረባቱን ሳያስር ስለማይመጣ እኛ ከረባት የምንለው፣ ባዶውን አራተኛ ፎቅ ሊያከራይ ሕንፃውን በጓሮው መንገድ በኩል አንስቶ ላከልህ። አንተም ፎቶው ላይ ቀይ ክብ አድርገህ መለስክለት፤ «ይህ ምንድን ነው? ሕንፃ ነው ወይስ የሰልባጅ ተራ?» ብለህ። ስልኩን አሳይቶኛል። ቀዩ ክብ ያረፈው በፍሬን የለሽ ሸራ ላይ ነው። ከሸራው ጀርባ ጫፉ ብቅ ያለው ሰማያዊ ጠርዝ ያለው አንሶላ አንተ ለእማዬ የላክኸው ነው። ፎቶው ካልጠፋብህ አስፍተህ እየው። በእኔ ሥራ፣ በጠርሙስ ጥርት ብሎ የመጣ ውኃ ሁሉ አይጠጣም፤ የደፈረሰውም ሁሉ አይደፋም። ቀርበን ሳንመረምር አንፈርድም። አንተ ግን ባሕር ማዶ ሆነህ በቀይ ቀለም ፈረድክ።

ከረባትን እንዳትቆጣው። እውነቱን ሊነግርህ አይችልም ነበር። ባለፈው ቧንቧ ሊያይ ገብቶ እማዬን አይቷታል፤ እሷም እጁን ይዛ፣ ለዚያኛው ልጄ እንዳትነግርብኝ፣ ባዕድ አገር ሆኖ ሐሳብ ይገድለዋል ብላ እሱንም አስምላዋለች። ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች። ፍሬን የለሽ ያውቃል። የሦስተኛ ፎቅ መንታዎች እንኳ በእኛ በር ሲያልፉ ጫጫታቸውን ቀነስ ያደርጋሉ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የከረባት ጥፋት ሌላ ነው። ወረቀቱን ለጥፎ ቢሄድ ደግ ነበር። ኋላ አላየሁም የሚል እንዳይኖር ብሎ በየበሩ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። እማዬ ከአልጋዋ ሆና እያንዳንዱን ቃል ሰማች። በሩን ዘግቼ ስገባ ትቆጣለች ብዬ ነበር። ቆጣ ብትል ደስ ባለኝ።

«ቤቱ የእሱ ነው፣» አለችኝ፤ «ልክ ነው። ልጄ የለፋበት ቤት በእኔ ጨርቅ መበላሸት የለበትም።»

ኅዳር 1 ገና ነው፤ ሽቦዎቹም አሉ። እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጓሮ ማስጣት ከለከለችኝ። ደብቄ እንዳላሰጣ መስኮቱ አለ። ስለዚህ ቤት ውስጥ አሰጣሁ፤ በወንበር መደገፊያ፣ በበር፣ በቁም ሳጥን ላይ። ክፍሉ በየት በኩል ፀሐይ ይግባበት? ግድግዳው ያልበው ጀመር፤ አንሶላው ሦስት ቀን ቆይቶም ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ይሸታል። በካውያ እያደረቅኩ አነጠፍኩላት። ካውያ ሲነካው ደረቀ ትላለህ፤ እጥፍ ብለው ሲተኙበት እርጥበቱ ከውስጡ ይመጣል። እንደዚያ ዓይነት አንሶላ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ መሐላ ስላለብኝ አልጽፍልህም። ጎረቤቶቼ ግን የየራሳቸውን ማስጣት አልተዉም። መሃሉ ላይ ያለውን ባዶ ሽቦም ዛሬ ጠዋት ድረስ አልነኩትም።

አሁን ማድረቂያ ማሽን ልግዛላችሁ ትላለህ፤ አውቅሃለሁ፣ ችግር ሲነገርህ እጅህ ቶሎ ወደ ኪስህ ይሄዳል። ማሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ የለም፣ መብራቱም አይችለውም፤ ብቻ የዚህ ሁሉ ጊዜው አልፏል። ለምን እንዳለፈ ልንገርህ።

ሐሙስ ጠዋት ከአልጋዋ አጠገብ የሞላሁት የውኃ ጆግ ማታ ስመለስ እንደሞላ ቆየኝ። ረስታው ነው ብዬ አለፍኩት። አርብም እንደዚያው። ቅዳሜ ቤት ስለነበርኩ ስከታተላት ዋልኩ። ብርጭቆውን ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ ከንፈሯን ታረጥባለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ ስመለከት ደግሞ የዋጠች ትመስላለች። ምን መሆንሽ ነው አልኳት። መጀመሪያ አልጠማኝም አለች። ኋላ እንደማልለቃት ስታውቅ፣ ልጅ ሆኜ ሒሳብ ሲያቅተኝ እንደምታስረዳኝ አድርጋ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

«ካልጠጣሁ አልጋው አይረጥብም። አልጋው ካልረጠበ የሚሰጣ አይኖርም። የሚሰጣ ከሌለ ድንቡሼም ቅር አይለው፣ አንተም አትደክም።»

ድንቡሼ የምትለው አሁንም አንተን ነው፤ ዕድሜህ አርባ ማለፉን አልተቀበለችም።

በሒሳቡ ስሕተት ላገኝበት አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሚጠጣው ውኃ እንዳይጎዳው ስመረምር ኖሬ፣ እናቴ የምመርጥላትን ውኃ ለልጇ ሕንፃ ገጽታ ስትል ተወችው። ለመንኳት። ተቆጣኋት፤ ኋላም በመቆጣቴ አፈርኩ። ከረባት ደውሎ ክልከላው ተነስቷል አለኝ ብዬ ዋሸኋት። መሐላ ማፍረስ እንጂ መዋሸት አልተከለከልኩም። ፊቴን አየት አድርጋ፣ እሱ ይበለኛ አለች። ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆ ይዛ መጣችና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እትዬ፣ ብቻዬን ስጠጣ ይተናነቀኛል፣ አብረን እንጠጣ አለቻት። እማዬ ለእንግዳ ክብር ብላ ሁለት ጉንጭ ጠጣች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን እያቋረጠች ደጋግማ ትወጣለች፤ በጠዋት፣ በምሳ ሰዓት፣ መብራት ሲበራ። እማዬ የምትጠጣው በይሉኝታ ብቻ ነው። ይሉኝታ ደግሞ ስንት ቀን ያዘልቃል?

እሁድ ስትደውል የምታገኘውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሻሿን አስተካክዬ፣ ትራስ ከጀርባዋ ደግፌ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ የምታወጣው ለአንተ ብቻ የተቀመጠ ድምፅ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ድምፁም አብሮ ይዘጋል። ከትናንት በስቲያ፣ «እማ፣ ድምፅሽ ደከመብኝ» አልካት። መስመሩ ነው አለችህ። አንተም አመንካት፤ ያን ቀን ሌላ ወሬ አወራችሁ። መስመሩ አልነበረም። ስለ ስልክ መስመር እንዳልናገር አልማልኩም።

አሁን የምፈልገውን ስማ። ገንዘብ አልፈልግም። ይቅርታም አልፈልግም። ደውለህ እንድትነግራትም አልፈልግም፤ ብትደውል ተወው የኔ ልጅ፣ ለእኛ ምንም አልጎደለብንም ትልሃለች፣ አንተም ደስ እያለህ ታምናታለህ። የምፈልገው ወረቀት ነው። እንደ መጀመሪያው ሁሉ «ለሕንፃው ተከራዮች በሙሉ» ብለህ ጀምር። ባለፈው ሳምንት የወጣው መመሪያ ተሽሯል በል። ማንኛውም ተከራይ በማንኛውም ቀን የፈለገውን አጥቦ ጓሮው ውስጥ ማስጣት ይችላል፤ ሽቦዎቹም አይነሱም በል። በእጅህ ጻፈው፣ ፈርምበት። ስለ እማዬ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። «ለእናቴ ስል» የሚል ሐረግ ካየሁበት ቀድጄ እጥለዋለሁ። እንደማንኛውም መመሪያ ደረቅ ይሁን። አንተ ምንም እንዳልሰማህ ሆነህ ጻፍ፤ እሷም ምንም እንዳልተነገረባት ሆና ትስማው። የቀራት ክብር እሱ ነው፣ እሱንም ፎቶ ላይ አናውለው። ምክንያት ከፈለግክ አንቀጽ ሰባትን ጥቀስ። ውል የሚጻፈው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ሰው አፍ አውጥቶ ሊለው የማይችለውን ነገር አንቀጹ እንዲልለት።

ና አልልህም። ና ካልኩህ ለምን ትለኛለህ፤ ለምን ካልከኝ መሐላዬ ይፈርሳል። የዓመት ፈቃድህን ለሚቀጥለው ክረምት እንዳቆየኸው ነግረኸኛል። ክረምት ሩቅ ነው። አለቃህን የፈቃድህ ጊዜ ወደ አሁን መቅደም ይችል እንደሆነ ጠይቀው። ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቀኝ።

ብዙ ክፉ ቃል እንደጻፍኩብህ አውቃለሁ፤ መልሼ ሳነበው አንዱንም ልሰርዝ አልቻልኩም። አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም። እናትህን ከእነ አንሶላዋ ለማባረር ያሰብክ ይመስል የምናገርህ፣ እዚህ ቆሜ የምጮኽበት ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው። ፈጣሪ ቤትህን በሰላም ይጠብቅልህ። ልጅህን ያሳድግልህ፤ ስታረጅ አልጋህን ሳትሳቀቅ የምታነጥፍልህ ያድርጋት። ባለቤትህን ሳምልኝ። እማዬ ይህን ደብዳቤ አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ የእሷ ምርቃት ከእኔ ይረዝም ነበር።

መልስህን በጽሑፍና በፊርማህ፣ በከረባት በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእኔ፣ እስከ ፊታችን አርብ ጥቅምት 15 ቀን ድረስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የሚደርስ መልስ አንባቢ አያጣም፤ እኔ አለሁ። የሚነበብለትን ሰው ግን አላረጋግጥልህም።

ጋሼህ